ትምህርት ቤቱ በበረዶ ተዘጋ፤ ልጆቹን ምን ላድርጋቸው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ5 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ3 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ወር ሕፃን አሉኝ። ባለፈው በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤቱም የሕፃናት መዋያውም ተዘጋ። ባለቤቴ ሥራ ገብቷል፤ እኔ የምሠራው ከቤት ነው። ማታውኑ አሥር የሚሆን ጨዋታ በወረቀት ጽፌ ተዘጋጅቼ ነበር። ጠዋት 4 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም አልቆ ሦስቱም ያለቅሳሉ። ከዚያ እስከ ማታ ስልክ ሰጥቻቸው ዋሉ። እነሱ ሲተኙ ደግሞ እኔ አለቀስኩ። ውጭ እንዳላወጣቸው ብርዱን ፈራሁ። ስንት ደቂቃ ቢቆዩ ነው ደህና? ሕፃኑስ ይወጣል? መካከለኛው ደግሞ በረዶውን ይበላል። በዚህ ሳምንት እንደገና ይጥላል እየተባለ ነው።»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ያን ወረቀት ቅደጂው። ጥፋቱ የወረቀቱ እንጂ ያንቺ አይደለም። ከትንንሽ ልጆች ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። አዋቂ 20 ደቂቃ የደከመበትን ጨዋታ የ3 ዓመት ልጅ በ4 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከዚያ «ሌላስ?» ብሎ ዓይን ዓይንሽን ያያል። በዚህ ሂሳብ አሥር ጨዋታ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

በረዶ የጣለበት ቀን የራሱ ሥራ አለው። መልበስ አለ፣ መውጣት አለ፣ መግባት፣ ማውለቅ፣ መሞቅ፣ መተኛት አለ። ይህ አንድ ዙር ብቻውን፣ እንቅልፉ ሳይቆጠር፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሁለት ጊዜ ካዞርሽው ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለማዝናናት አትልፊ። ሁለት ጊዜ አውጪያቸው። ሌላው ሁሉ በዚያ ዙሪያ ቦታ ያገኛል።

የመጀመሪያው መውጫ ቁርስ ከተበላ በኋላ ይሁን። ጎህ ሲቀድ ብርዱ የከፋ ስለሆነ ፀሐይ ትንሽ ከፍ ትበል፤ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው። ባለፈው ጊዜ 4 ሰዓት ላይ የተነሳው ለቅሶ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያልሮጠ ሕፃን ነው ያለቀሰው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60ው ደቂቃ ቁና ቁና የሚያስተነፍስ መሆን አለበት። ሳሎን ውስጥ ይህን ለመሙላት ሶፋው መሰበር አለበት። ጉልበቱን በሚይዝ በረዶ ላይ የሚራመድ ልጅ ግን በሩብ ሰዓት ላብ በላብ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ትግል እንግባ። ልብሱን ማለቴ ነው።

አንድ ጊዜ ለአሥራ አንድ ሕፃናት ሁሉንም አለባብሼ፣ የመጨረሻውን ዚፕ ዘግቼ ቀና ስል፣ መጀመሪያ ያለበስኩት ልጅ «ሽንቴ መጣ» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። ሽንት ቤት ሳይገባ ካልሲ አይነካም። ሕፃኑ ደግሞ ዳይፐሩ ይቀየርለትና መጨረሻ ይልበስ። ቀድሞ ከለበሰ ወንድሙ ጫማ እስኪያገኝ ድረስ ውስጡ ይቀቀላል።

ቅደም ተከተሉን ለልጆቹ አስተምሪያቸው፦ የበረዶ ሱሪ፣ ቦት ጫማ፣ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ መጨረሻ ጓንት። ጓንት ቀድሞ ከገባ እጃቸው ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም። ለጃኬቱ መዋያዎች ውስጥ የምንጠቀምበት ዘዴ አለ። ጃኬቱን ከፍተሽ ወለል ላይ አንጥፊው፤ ውስጡ ወደ ላይ፣ ኮፍያው ወደ ልጁ እግር ይሁን። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ ይከትና በጭንቅላቱ ላይ ይገለብጠዋል። ለበሰ! የ3 ዓመቱ ልጅሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ካየው ራሱ ይሠራዋል። ለእሱ ይህ ራሱ ጨዋታ ነው። አታስቸኩዪው። የምትሄዱበት ቦታ የለም፤ ዛሬ መልበሱም ከቀኑ ሥራ አንዱ ነው።

ሥጋቸውን የሚነካው ልብስ ጥጥ ባይሆን ይመረጣል። ጥጥ ላብና ውሃ ይዞ ይቀራል፣ ከዚያ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖም ትንሽ ያሞቃል። ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ውሃ የማያስገባ ነገር። ሙቀቱን የሚይዘው በልብሶቹ መሀል ያለው አየር ነው። ስለዚህ ሁለት ካልሲ ደርበሽ ጠባብ ቦት ውስጥ ብትጠቀጥቂው እግሩ ይብስ ይቀዘቅዛል። ጣቶቹ ውስጥ መንቀሳቀስ አለባቸው። ጓንት ከሆነ አውራ ጣት ብቻ ለብቻው የሆነበት ይሻላል፤ ጣቶች ተቃቅፈው ይሞቃሉ። ሁለተኛ ጥንድ ይኑርሽ። የመጀመሪያው መርጠቡ አይቀርም። ረጅም የአንገት ልብስና የሚንጠለጠል ገመድ ግን ተይ፤ መንሸራተቻ ወይም አጥር ላይ ተይዞ አንገት ሊያንቅ ይችላል። በራስ የሚጠለቀው አጭሩ የአንገት ማሞቂያ ይበቃል።

ስንት ደቂቃ? ትንበያውን ስታዪ ቴርሞሜትሩ ከሚለው ይልቅ ነፋስ ተጨምሮ «የሚሰማውን» ቁጥር ተመልከቺ። የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የተጋለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ቀን ትንንሽ ልጅ አይወጣም፤ አለቀ። እኔ የምሠራበት መስፈሪያ ከዚህ ጠበቅ ያለ ነው። ከዜሮ በታች 15 ከሆነ አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ መግባት። ዜሮ አካባቢ ሆኖ ነፋስ ከሌለና ልብሳቸው ደረቅ ከሆነ ግማሽ ሰዓት፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ዋናው ሰዓት ግን የልጁ አካል ነው። የተመቸው ልጅ «በረደኝ» አይልም፤ ጨዋታው ይቋረጥብኛል ብሎ ይደብቃል። በየአሥር ደቂቃው ጓንቱን አውልቀሽ ጣቶቹን ንኪ። አፍንጫ፣ ጉንጭና ጆሮውን እዪ። የቀላ ጉንጭ አያስፈራም። የነጣ፣ የገረጣ ወይም እንደ ሰም የሆነ ቆዳ፣ «አይሰማኝም» የሚል ጣት ግን ወዲያው ወደ ቤት!

እንደዚያ ከሆነ አትሺው። በበረዶ ማሸት የሚባለውንም አትስሚ፤ የተጎዳን ቆዳ ይብስ ይልጠዋል። እርጥቡን አውልቂለት፣ እጁን ብብትሽ ውስጥ አድርጊለት ወይም በክርንሽ ሞክረሽ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ክተቺለት። ማሞቂያ ላይ አታስጠጊው፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። ስሜቱና መልኩ ካልተመለሰ ወይም ውሃ ከቋጠረ ወደ ሐኪም። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ከነበረ፣ ከዚያ ከፈዘዘ፣ አነጋገሩ ከተኮላተፈና መራመድ ካቃተው ደግሞ ቤት ውስጥ ሞክሬ ልየው አይባልም። ድንገተኛ እርዳታ ጥሪ።

የ8 ወሩ ሕፃን ይወጣል፣ ለአጭር ጊዜ። ለመመሪያ ያህል፣ አንቺ ከለበስሽው አንድ ድርብ ጨምሪለት። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ቆዳቸው ሰፊ ስለሆነ ሙቀታቸው ቶሎ ያልቃል፣ ተንቀጥቅጠው መሞቅም ገና አይሆንላቸውም። ደረትሽ ላይ አዝለሽው ከሆነ ፊቱ ይታይሽ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይለጠፍ፣ አፍና አፍንጫው ላይ ጨርቅ አይጣል። አዝለሽው በረዶ አትዛቂ፤ ከወደቅሽ አብራችሁ ናችሁ። ቆዳው ቀልቶ የቀዘቀዘ፣ ከወትሮው የዛለና ዝም ያለ ሕፃን የአደጋ ምልክት ነው። ሞቃት ቀን ካልሆነ ለእሱ አሥር ደቂቃ ትልቅ ጉዞ ነው። እሱ እንዲያውም መስኮት ስር ተቀምጦ የእህት ወንድሙን መውደቅ ማየት ይበቃው ነበር፤ ግን ብቻውን አይተውምና ይዘሽው ትወጫለሽ። የመጀመሪያው መውጫ የሚያበቃው በእሱ ሰዓት መሆኑን ካሁኑ ተቀበዪው።

ውጭ ምን ይሥሩ? የበረዶ ሰው እንሠራለን ብለሽ ቃል አትግቢ፤ መጀመሪያ አንድ እፍኝ ጨብጠሽ ሞክሪው። በአማርኛ ሁሉንም «በረዶ» እንለዋለን እንጂ ጠባዩ ብዙ ነው። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚጥለው ውስጡ ትንሽ ውሃ ስላለው ይጣበቃል፣ እንደ ሊጥ ይድቦለቦላል። በጣም ሲቀዘቅዝ የሚጥለው ደረቅ ነው፣ እንደ ዱቄት ከእጅ ይበተናል። ደረቅ ከሆነ ሰው መሥራት አይቻልም። እንኳን ልጅ መሐንዲስም አይሆንለት! ያኔ ዱካ መከተል፣ መጥረጊያ ይዞ መንገድ መጥረግ፣ ተጋድሞ እጅና እግርን እያወራጩ ቅርጽ ማውጣት ይበልጣል። አሮጌ የመርጫ ጠርሙስ ውስጥ ቀለም ያለው ውሃ ከሰጠሻቸው ግማሽ ሰዓት የሚሄድ ሥራ ነው። ለ5 ዓመቷ ደግሞ እውነተኛ አካፋ ስጫትና እውነተኛ ሥራ ስጫት፤ ደጁ ላይ የሚጠረግ አለሽ አይደል? በዚህ ዕድሜ ማገዝ ከመጫወት እኩል ይጣፍጣል።

እኔ በጣም የምወደውን ልንገርሽ። ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር እጅጌ ውጭ ለአምስት ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ካልቀዘቀዘ የሚያርፍበት ሁሉ ይቀልጣል። ከዚያ የሚወርደውን በረዶ ያዙበት። ኮከብ የምትመስል ቅንጣት ስታገኙ ስድስት ክንድ እንዳላት ልጅሽ ትቁጠር። ስድስት የሆነው የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ በስድስት ጎን ቅርጽ ስለሚያያዙ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1885 አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል የ19 ዓመት የገበሬ ልጅ ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ የአንዲት ቅንጣትን ፎቶ አነሳ። በዕድሜው ከ5000 በላይ አነሳ። በ1936 ደግሞ ጃፓናዊው ኡኪቺሮ ናካያ ላቦራቶሪ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ሠራ። የቅንጣቷን ቅርጽ የሚወስነው ሙቀቱና እርጥበቱ መሆኑንም አሳየ። ልጅሽ ይህ ሁሉ አይገባትም ይሆናል። «አንድ ልጅ ነበረ፣ እንዳንቺ በረዶ ሲይዝ ዕድሜውን ጨረሰ» ብትያት ግን ትሰማሻለች።

አንድ ደቂቃ ደግሞ ዝም በሉ። አዲስ በረዶ ውስጥ ያለው አየር ድምፅ ይውጣል፣ ለዚያ ነው አካባቢው ጭጭ የሚለው። የ3 ዓመት ልጅ ዝም ሲል የምታዪው ያኔ ነው።

መካከለኛው በረዶ ይበላል ላልሽው፣ አብዛኛው ልጅ ይበላል። ትንሽ፣ አዲስና ነጭ የሆነውን ከላይ ከላዩ ቢቀምስ አትደንግጪ። መጀመሪያ የሚወርደው አየሩን እያጠበ ስለሚመጣ ጥቂት ጠብቁ። መንገድ ዳር ያለው፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ መኪና የገፋው፣ ቀለሙ የተለወጠው ግን አይቀመስም። «ነጩ ብቻ፣ እማ ካየችው በኋላ» የሚል ደንብ ይበቃል።

አደጋውን ደግሞ ሳልደብቅሽ። ክምር በረዶ ውስጥ ዋሻ መቆፈር ይወዳሉ፤ ይናዳል፣ ያፍናል። በተለይ መንገድ ዳር የተገፋው ክምር ውስጥ የገባ ልጅ ለበረዶ ጠራጊው ሾፌር አይታየውም። ጣሪያ ጠርዝ ስር አይጫወቱ። የረጋ ኩሬ ላይ አይሂዱ። መንሸራተቻ ካላቸው ተቀምጠው፣ እግር ወደ ፊት፣ ሄልሜት አድርገው፤ መንገድና ዛፍ ከሌለበት ቦታ። ፀሐይ ከወጣች ደግሞ አዲስ በረዶ ከጨረሯ እስከ 80 በመቶ ወደ ፊታቸው ይመልሳል። ለትልልቆቹ የፀሐይ ቅባትና መነጽር፣ ለሕፃኑ ጥላ።

ስትገቡ በሩ ስር ፎጣና ቅርጫት ይጠብቃችሁ፤ እርጥቡ ሁሉ እዚያው ይውለቅ። የሚያነጫንጭ ሰዓት ነው። ልጅ ብርዱን የሚያስታውሰው ከገባ በኋላ ነው። ለብ ያለ ገላ መታጠብ፣ ሞቅ ያለ የሚጠጣ፣ ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። 5 ዓመቷ ባትተኛም መጽሐፍ ይዛ ትጋደም።

ሥራሽን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ሦስት ትንንሽ ልጅ ይዞ ሙሉ ቀን መሥራት አይቻልም። ጠዋቱኑ ለሥራ ባልደረቦችሽ ንገሪያቸው። ሁለት መስኮት አለሽ። አንዱ ይህ የምሳ በኋላ እንቅልፍ ነው፤ ውጭ የደከመ ልጅ ይተኛል። ሁለተኛው የስክሪን ሰዓት ነው። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ይላል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ጨርሶ አይመክርም። አንድ ሰዓቱን ጠዋት አታባክኚው። ያንቺ ስብሰባ ወዳለበት ሰዓት አቆዪው። የአንዱን ቀን የስልክ ውሎ ግን ርሺው። አንድ ቀን ልጅ አያበላሽም፤ ያ ቀን ይልቅ ያበላሸው ያንቺን ስሜት ነው።

ከእንቅልፍ በኋላ በረዶውን ወደ ቤት አስገቢው። ሰፊ ሳህን ሙሉ በረዶ፣ ስሩ ፎጣ፣ ማንኪያና ትንንሽ መኪና። ሌላ ዝግጅት የለም። አንድ ብርጭቆ ሳትጠቀጥቂ እስከ አፉ ሙዪና «ሲቀልጥ ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» ብለሽ በእስክሪብቶ ምልክት አስደርጊያቸው። አዲስ በረዶ አብዛኛው አየር ነው። ብዙ ጊዜ አሥር እጅ በረዶ የሚሰጠው አንድ እጅ ውሃ ነው። ታች ብርጭቆው ግርጌ ላይ ትንሽ ውሃ ሲያዩ «ማን ጠጣው?» ይሉሻል። በርጋታ መልሺ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ በረዶና ጨው ቀላቅለው በእጃቸው እንዳይዙ። ጨው በረዶውን ከዜሮ በታች ሆኖ ያቀልጠዋል፣ ድብልቁ እስከ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችል ቆዳ ያቃጥላል። በማንኪያ፣ አንቺ እያየሽ።

ስለ ቤቱ ደኅንነት ደግሞ ይህን ያዢ። መብራት ከጠፋ ከሰል ወይም የምግብ ማብሰያ ጋዝ ለማሞቂያ ብላችሁ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። ከሚነደው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ጄነሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ከመስኮትና ከበር ሸሽቶ ይቁም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያውን ባትሪ ዛሬውኑ እዪ። መኪና ማስነሳት ካለባችሁ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዱ። ልጆቹ «መኪና ውስጥ ይሙቁ» ተብሎ አስቀድመው አይግቡ። ወፍራም ጃኬት የለበሰ ልጅ በመኪና ወንበር ቀበቶ አይታሰርም፤ ቀበቶው ስለሚላላ ጃኬቱን አውልቆ ከላይ ይሸፈን። የሕፃኑ አልጋ ላይም ብርድ ልብስ አትከምሪበት፤ የሚለበስ የመኝታ ከረጢት ይሻላል።

ሁለተኛው መውጫ አመሻሹ ላይ ነው፣ ከመጨለሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም ባትሪ ይዛችሁ። አጭር ይሁን፣ ሩብ ሰዓት። ባለቤትሽ ከገባ ሕፃኑን ለእሱ ስጪው። ባትሪውን ወደ ላይ አብርተው በብርሃኑ ውስጥ የሚወርደውን ይዩ። ወይ መሬት ላይ አብርተው የጠዋቱን ዱካቸውን ይፈልጉ፤ አዲስ በረዶ ሸፍኖት ከሆነ የት እንደ ሄደ ይጣላሉ። ይጣሉ። ሲገቡ እራት በልተው ያለ ብዙ ክርክር ይተኛሉ።

አንቺ ከመተኛትሽ በፊት ጓንቶቹንና የቦቶቹን የውስጥ ልብድ አውጥተሽ፣ ገልብጠሽ አስጪያቸው። ነገም ሊዘጋ ይችላል።